በአባቴ ማኅደር ውስጥ የነበረው ሌንስ

ፎቶ አንሺ ከሆናችሁ የሌንስ መያዣ እንዴት እንደሚመረጥ ልታውቁ ፈልጋችሁ ይህን ጽሑፍ ጀምራችሁት ይሆናል። ምክሩ አለኝ፤ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። ችግሩ እኔ ምክሩን ያገኘሁት ሊማሊሞ ላይ፣ አንድ ጎማው አየር ላይ በቀረ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ትንሽ መታገሥ አለባችሁ።

ያኔ ደባርቅ ተቀምጬ የሰርግ ፎቶ አነሳ ነበር። የተወለድኩት ዳባት ነው። አባቴ መርጌታ ናቸው፤ ወንበር ዘርግተው ያስተምራሉ። እኛም ልጆቻቸው እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» እያልን አደግን። የበኩር ልጅ በመሆኔ ወንበራቸውን እወርሳለሁ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ዜማውን እኩሌታ ላይ ትቼ ካሜራ አንጠልጥዬ ወጣሁ። የኔታ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ «ይኼ ልጄ ነው፤ ደባርቅ ነው ያለ» ይሉና እዚያው ያቆማሉ። ደባርቅ ምን እንደምሠራ ጠይቀውኝም ለሰው ተናግረውም አያውቁም።

ይህ ነገር ሥራዬ ውስጥ ገባ። ሰርግ ቤት ካህናት ከተቀመጡ፣ ሽማግሌ ከተሰበሰበ እግሬ ወደ ፊት አልሄድ ይለኛል። «አንተ የመርጌታ ልጅ አይደለህም እንዴ?» የሚል ሰው እንዳይመጣብኝ እፈራለሁ። መድኃኒቱን ያገኘሁት ረጅም ሌንስ በመግዛት ነው። ከአጥር ጥግ ሆኜ፣ ከዳሱ ምሰሶ ጀርባ ሆኜ የሙሽራዋን እንባ ከጉንጯ ላይ ያመጣልኛል። ሰው ፎቶዎቹን አይቶ «እንዴት ሳያውቁ አነሳሃቸው?» ሲለኝ ፍርሃት እንጂ ጥበብ አለመሆኑን ማን ይነግረዋል። ጥሪቴ በሙሉ እሱ ላይ አልቋል። አገሩም «ባለ ረጅሙ» ብሎ ስም አውጥቶልኝ ነበር። እሱን ካጣሁ እንጀራዬም አብሮ ያከትማል ብዬ አምን ነበር፤ የማጋንን እንዳይመስላችሁ።

ከእሱ በፊት የነበረውን ሌንስ የቀበርኩት በረዳት እጅ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ሰርግ ስመለስ ረዳቱ ቦርሳዬን ከእጄ ነጥቆ ከመኪናው አናት ላይ ጫነው። ደባርቅ ስወርድ ቦርሳዬን ያገኘሁት ከገብስ ኩንታል ሥር ነው። ስለዚህ አዲሱን የገዛሁ ሰሞን መያዣ ፍለጋ ጎንደር ወረድኩ። አንዱ ሱቅ ያሳየኝ በክር የሚታሰር ከረጢት ስፖንጁ ሳስቶ ካልሲ ያህላል። ሌላው ጥሩ ነበር፤ ስፖንጁ ወፍራም፣ ዚፑ ጠንካራ፤ ነገር ግን ጀርባው ላይ የካሜራ ሥዕል በትልቁ ታትሞበት «ሌባ ሆይ፣ ውዱ ዕቃ እዚህ ነው» እያለ ይጣራል። ሦስተኛው ጠንካራ ሳጥን ነው። ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነበር። ግን መልኩ የጥይት ሳጥን ነው፤ በዚህ ዘመን እሱን ታቅፎ ፍተሻ ላይ መድረስ ነገር መፈለግ ነው። ሻጩ ሲስቅብኝ ጥዬለት ወጣሁ።

ባዶ እጄን ዳባት ገብቼ ወላጆቼ ቤት አረፍ ስል ዓይኔ ግድግዳው ላይ ሄደ። የየኔታ ማኅደር እዚያ ተሰቅሏል። የጸሎት መጽሐፍ የሚያዝበትን፣ በጠፍር ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለውን የቆዳ ቤት ማለቴ ነው። የብራና መጽሐፉን የኔታ ለደብሩ ሰጥተውት ማኅደሩ ባዶውን ቀርቶ ነበር። አወረድኩት። ቆዳው እንደ ጣውላ የጠነከረ፣ ክዳኑ ዝናብ የማያስገባ፣ ሌባ የማያየው፣ ረዳት የማይወረውረው። የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ ውስጡን ሞላሁትና ሌንሱን አስገባሁ። ልክክ አለ።

«ኧረ ልጄ፣ የመጽሐፍ ቤት ነው» አለች እናቴ።

የኔታ ከደጅ ገቡ። ማኅደሩን አዩ፤ ስፖንጁን አዩ፤ እኔን አዩ። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» አሉ። ቀጥለውም «አያያዙን ታውቃለህ አንተ» ብለው ወደ ጓዳ አለፉ። ፈቃድ ይሁን ግሳጼ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ያኔ ግን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ማኅደሩን ይዤ ወጣሁ።

በሳምንቱ ከሊማሊሞ በታች፣ ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰርግ ነበረኝ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ደባርቅ በጉም ተሸፍና ነበር። ጋቢዬን ደርቤ፣ ካሜራውንና ትንሹን ሌንስ በጀርባ ቦርሳ፣ ረጅሙን በማኅደር ይዤ መናኸሪያ ደረስኩ። ሪዛም ረዳት የሰውን ዕቃ እየነጠቀ ወደ አናት ይወረውራል። እኔ ዘንድ ሲደርስ እጁን ዘረጋ፤ ማኅደሩን አየ፤ እጁን ሰበሰበ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አላየሁትም። ና፣ ከፊት ቦታ አለ» አለኝ።

ከጋቢናው ቀጥሎ ባለው ወንበር አስቀመጠኝ። አጠገቤ ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ ቆላ የሚወርዱ አያ ታከለ የሚባሉ የዳባት ገበሬ ተቀመጡ። ገና ሳይደላደሉ ጎንበስ ብለው ጭኔ ላይ ያለውን ማኅደር ተሳለሙት። ምን ልበል? «አያ ታከለ፣ የተሳለሙት የጃፓን መስታወት ነው» ልበል? ነገሩ እንደ መሳቅም አደረገኝ፤ እንደ ማፈርም።

ጋቢናው ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል፣ እማሆይ አጸደ ተቀምጠዋል። ወደ ገዳም የሚመለሱ ቀጭን መነኩሲት ናቸው። በእሳቸውና በሾፌሩ መካከል ያለው ወንበር ላይ የጠበል ጀሪካናቸው ተቀምጧል። ዞር ብለው አዩኝ።

«ተባረክ ልጄ። የዛሬ ልጅ በማኅደር ሲይዝ አላየሁም። እኔ እንኳ ይኸው በፌስታል ነው የያዝኩት» አሉና ከብብታቸው በፌስታል የተጠቀለለ የጸሎት መጽሐፍ ብቅ አድርገው አሳዩኝ።

«አሜን እማሆይ» አልኩ።

ሊማሊሞን የማያውቅ ሰው ካለ፣ መንገዱ ከተራራው ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በአንድ ወገን ድንጋይ ነው፤ በሌላው ወገን ምንም የለም። ሾፌሩ ሞላ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፤ በእሱ አልፈርድም። አንድ ኩርባ ላይ ከጉሙ ውስጥ ከባድ መኪና ፊት ለፊታችን ወጣ። ሞላ መሪውን ወደ ዳር ሰበረ። ከባዱ መኪና ጎናችንን ታክኮ ሽቅብ አለፈ፤ ያየንም አይመስለኝ። የእኛ መኪና ግን ዳሩ ላይ ያለው አፈር ከዳው። ፊቱ ወደ ቀኝ ዘጭ ሲል ማኅደሩ ከጭኔ ተስፈንጥሮ ከጋቢናው ወንበር ብረት ጋር ተላተመ። ዘልዬ ያዝኩት። መኪናው ቆመ።

«ማንም ሰው እንዳይነቃነቅ» አለ ሞላ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

የፊት ቀኝ ጎማችን አየር ላይ ነው። በእማሆይ መስኮት መንገድ አይታይም፤ ጉም ብቻ። ጉሙ አንዳንዴ ሲገለጥ ከታች፣ በጣም ከታች፣ የዛፍ ጫፍ ይታያል።

«እግሬን ከፍሬኑ ላይ ካነሳሁ እንሄዳለን» አለ ሞላ። «የእጅ ፍሬኑ አይይዝም።»

«አይይዝም ትላለህ? እሱን ይዘህ ነው ሊማሊሞ የምታወርደን?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ብትፈልግ ከወረድን በኋላ ስደበኝ» አለው ሞላ።

የጎኑ በር የሚከፈተው በገደሉ በኩል ስለሆነ ረዳቱ በኋላ መስኮት ሾልኮ ወረደና የኋላውን በር ከፈተ። ድንጋይ እየተሸከመ ከኋላ ጎማዎች ፊት ደረደረ። ጭቃው ግን ድንጋዩን ያንሸራትተዋል። በሩ ሲከፈት ከኋላ የነበሩት ሰዎች ተሽቀዳደሙ፤ የመጀመሪያው ሰው እግሩን መሬት ሲያሳርፍ የመኪናው አፍንጫ ቁልቁል ደፋ አለ። ከበታቻችን ድንጋይ ተፈነቀለ። የወደቀበት ድምፅ እስኪመጣ ጠበቅን፤ ቆይቶ መጣ።

«ተመለሱ» ሲል ጮኸ ሞላ። «የያዛችሁን እናንተ ናችሁ። ከፊት ያለው ሰው ሳይወጣ ከኋላ አንድ ሰው አይወርድም።»

ሰውየው ተመልሶ ገባ። ነገሩ ለሁላችንም ያን ጊዜ ገባን። አስቀድሞ እማሆይ ወደ ኋላ መምጣት አለባቸው። ከዚያ የፊተኛው ወንበር፣ ከዚያ ተራ በተራ። እሳቸው ካልተነሡ ሁላችንም እዚያው ነን።

ጀሪካኑን አንሥተን የመሃለኛውን ወንበር መደገፊያ አጠፍንላቸው። በዚያ ላይ ተሻግረው ወደ እኛ መምጣት ብቻ ነበር የቀራቸው።

«እማሆይ፣ እጅዎን ይስጡኝና ወደ ኋላ ይምጡ» አልኳቸው።

በሁለት እጃቸው የበሩን እጀታ ጨብጠዋል። ዓይናቸው ከመስኮቱ አልተነቀለም።

«እኔስ ልቅር» አሉ። «ኖሬያለሁ። እናንተ ውረዱ ልጆቼ።»

«እማሆይ፣ እርስዎ ካልወጡ ማንም መውረድ አይችልም» አለ ሞላ።

«እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። መሄድ ጠልቼ አይደለም፤ እግሬ የለም።»

ትከሻቸውን ይዤ ላነሣቸው ሞከርኩ። በድንጋጤ ተወራጩ፤ መኪናው ተወዛወዘ፤ አንዲት ሴት ከኋላ የማርያምን ስም ጠራች። ለቀቅኳቸው። በጉልበት እንደማይሆን ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን የሚያወጣው እየቆጠበ ነው።

«እግሬ እየደነዘዘ ነው» አለ ሞላ። የሚያወራው ለማንም አልነበረም።

አያ ታከለ በክርናቸው ጎሸሙኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን ትጠብቃለህ? መጽሐፉን ስጣቸው እንጂ፤ የራሳቸው ብብታቸው ሥር ተወትፏል። እሱን ሲይዙ ይበረታሉ።»

«አዎ፣ መጽሐፉን ስጣቸው» አሉ ከኋላ። አንዱ ጀመረ፤ ሁሉም ተቀበለው።

በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ተጨንቄ አላውቅም። አይደለም ብል ሰዎቹ ምን ያደርጉኛል? ዝም ብዬ ብሰጥስ? ክዳኑ ዝግ ነው፤ ቆዳ አይናገርም፤ ሴትዮዋ ከተጽናኑ ምን ቸገረኝ? ራሴን በዚህ አታለልኩና ማኅደሩን በመደገፊያው ላይ አሻግሬ ሰጠኋቸው። እማሆይ አንድ እጃቸውን ከእጀታው አላቀው ተቀበሉኝ። ተሳለሙት፤ ግንባራቸውን አስነኩት፤ ደረታቸው ላይ አደረጉት። አተነፋፈሳቸው ረጋ አለ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ።

ከዚያ ጣቶቻቸው በቆዳው ላይ ሄዱ። ጫን አሉት፤ ለቀቁት፤ እንደገና ጫን አሉት።

«ልጄ» አሉ።

«አቤት እማሆይ።»

«መጽሐፍ ድቡልቡል አይሆንም።»

ዕድሜ ልኩን መጽሐፍ የያዘ እጅ መሆኑን ረስቼ ነበር።

«ምንድን ነው?» አሉኝ።

«መስታወት ነው እማሆይ። የካሜራ መስታወት፤ ሩቁን የሚያቀርብ። ፎቶ አንሺ ነኝ።»

አያ ታከለ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «እኔ የተሳለምኩት?» አሉ ቀስ ብለው።

ከኋላ ጉርምርምታ ተነሣ። «መዓቱ የመጣብን በዚህ ነዋ» አለ አንዱ። «በመጽሐፍ ቤት ውስጥ የማይረባ ዕቃ አድርጎ እያሳለመን። በመስኮት ይጣል፣ እማሆይ፣ ይጣሉልን።» ሌላውም «ይጣል» አለ። ሞላ «ዝም በሉ፤ ድምፃችሁ ራሱ ያወዛውዘናል» ባይል ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር አላውቅም።

እማሆይ አልጣሉትም። ፊታቸውን ሳያዞሩ «ለምን በማኅደር አደረግኸው?» አሉኝ።

«እንዳይሰበርብኝ ብዬ ነው እማሆይ። ያለኝ እሱ ነው።»

«ማኅደሩስ የማን ነው?»

«የአባቴ። የመርጌታ።»

«ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ማኅደሩን በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ዘረጉልኝ። «እንካ እንግዲህ፣ ንብረትህን ያዝ» አሉ። ተስፋ በቆረጠ ሰው ድምፅ ነው ያሉት። ያ እጅ ባዶውን ከተመለሰ እጀታውን ይጨብጣል፤ ዳግመኛም አይለቅም። ይህን አወቅኩ። ቀጥዬ ያልኩት ነገር ከየት እንደመጣልኝ ግን አላውቅም፤ አስቤው አልነበረም። እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ።

«አልቀበልዎትም እማሆይ።»

«ምን አልክ?»

«እዚያ ሆነው አልቀበልዎትም። አደራ ሰጥቼዎታለሁ። ያለኝ ሀብት እሱ ብቻ ነው፤ ይዘውልኝ ይውጡና መንገዱ ላይ ቆመው በእጄ ያስረክቡኝ።»

አያ ታከለ ብዙ አዩኝ። ተቀይመውኛል፤ ቅያሜው ፊታቸው ላይ አለ። ቢሆንም ነገሩ ገባቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ፣ እማሆይ» አሉ። «በምስክር ፊት ነው የተቀበሉት። ምስክሩ እኔ ነኝ።»

«አንተ ጨካኝ ልጅ» አሉኝ እማሆይ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ገባ፤ ቁጣው ደስ አለኝ። «ልሙት በምልበት ሰዓት አደራ ትጭንብኛለህ? በአደራ በላነት ልሙት?»

«እንዳይሆንብዎት ነዋ እማሆይ። ይምጡ።»

ጠፍሩን አንገታቸው ውስጥ አስገቡ። ማኅደሩን በግራ እጃቸው ደረታቸው ላይ ያዙ። ከዚያ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ከእጀታው ላይ አንድ በአንድ ሲላቀቁ አየሁ።

ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የመጡት። በታጠፈው ወንበር ላይ በጉልበታቸው ወጡ፤ መኪናው አቃሰተ፤ ቆሙ። እንደገና ተንቀሳቀሱ። ቀሚሳቸው ማርሹ ላይ ተያዘ፤ ሞላ እግሩን ሳያንቀሳቅስ በእጁ ብቻ አላቀቀላቸው። ሚኒባሱ ሲወዛወዝ ማኅደሩ ከብረቱ ጋር ሊጋጭ ሆነ። እማሆይ እሱን አቅፈው ዞሩና ራሳቸው ከጣሪያው ጋር ተማታ። ድምፁን ሁላችንም ሰማን። «ደህና ነው፣ አልተነካም» አሉ። የሚሉት ስለ ማኅደሩ ነበር።

ብብታቸውን ይዤ ተቀበልኳቸው። ሰውነታቸው ቀሎብኝ ደነገጥኩ። እኔ ለአያ ታከለ፣ አያ ታከለ ለኋለኞቹ፣ ሰው በሰው እጅ ላይ አልፈው በኋላ በር ወረዱ። ቀጥሎ እኛ ነበርን። አያ ታከለ «አንተ ቅደም» አሉኝ፤ ሳልከራከር ቀደምኩ። የወረደ ሁሉ የኋላውን መከላከያ በደረቱ እየተጫነ መኪናውን ያዘ። ወርደን ስናበቃ ሞላ ብቻ ቀረ። የእሱ በር በመንገዱ በኩል ነው። በሩን ከፈተ፤ «ልቀቁ ስል ልቀቁ» አለን፤ ጥቂት ቆየ፤ «ልቀቁ» ብሎ ዘለለ። ሚኒባሱ በድንጋዮቹ ላይ ተንሸራተተ፤ ሆዱ ዳሩ ላይ አረፈና ቆመ። ሞላ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፎ አለቀሰ። ረዳቱ አጠገቡ ተቀመጠ።

እማሆይ አልተቀመጡም። ካፊያው ላያቸው ላይ እየወረደ፣ ማኅደሩ አንገታቸው ላይ እንዳለ፣ መንገዱ መሃል ቆመው ይጠብቁኛል።

«ና ልጄ፣ ተረከብ። ምስክሩም ይምጣ።»

አያ ታከለ መጡ። ሌሎቹም ከበቡን። ክዳኑን ፈታሁ፤ ስፖንጁን ገለጥኩ፤ ሌንሱን አወጣሁ። የፊተኛው መስታወት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል። ወዘወዝኩት፤ ውስጡ ተንኮሻኮሸ። ያ መኪናው ዘጭ ሲል ከብረቱ ጋር የተላተመበት ድምፅ ትዝ አለኝ። ማኅደሩ ሽንብራ የምታህል ጭረት እንኳ አልነበረበትም፤ ቆዳው ጠንካራ ነው፤ የፍራሹ ስፖንጅ ግን አርጅቶ ኖሯል። ቀና ስል የእማሆይን ፊት አየሁ። ግንባራቸው አብጧል።

ስንጥቁን በመዳፌ ሸፍኜ ሌንሱን መልሼ ከተትኩት። «ደህና ነው እማሆይ። አንዳች አልሆነም። እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ብዙ አዩኝ።

«አትዋሽ» አሉ። «ተሰብሯል።»

«የለም እማሆይ…»

«ስትሰጠኝ ተሰብሮ ነበር። ጣቴን ስጭነው ሲንኮሻኮሽ ሰምቼዋለሁ።»

ግራ ገባኝ። «ታዲያ ካወቁ ለምን ይዘውት ወጡ?»

«የተሰበረ አደራ አደራ አይደለም ያለህ ማነው? ሰጠኸኝ። ማስረከብ አለብኝ።»

አያ ታከለ ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ መጥተው ትከሻዬን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ፤ ቅያሜያችን በዚያ አለቀ።

በኋላ የመጣ የጭነት መኪና ሚኒባሱን በገመድ ጎትቶ አወጣው። እኔ በሌላ መኪና ወርጄ ሰርጉ ቤት ገባሁ። እጄ ላይ ያለው ትንሹ ሌንስ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰው አፍንጫ ሥር ካልደረሱ አያሳይም። ዳሱ ውስጥ ካህናቱ ከፊት ተቀምጠዋል። ከምሰሶው ጀርባ ቆሜ አየኋቸው። እማሆይ ማኅደሩን አቅፈው ያንን ወንበር ሲሻገሩ ከታየኝ በኋላ ምሰሶ ጀርባ መቆም አስጠላኝ። ሄድኩ። ፊታቸው ተንበርክኬ ማንሳት ጀመርኩ። አንዱ ቄስ የፈራሁትን ጠየቁኝ፤ «የማን ልጅ ነህ?»

«የመርጌታ ልጅ ነኝ፣ ከዳባት። ፎቶ አንሺ ነኝ» አልኳቸው።

«እሰይ። በል እኛንም አሳምረህ አንሣን» አሉኝ። ዓመታት የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።

ረጅም ሌንስ ከዚያ ወዲህ አልገዛሁም። «ባለ ረጅሙ» የሚለው ስሜም ጠፍቷል። ፎቶዎቼ ግን ሰው የሚያውቃቸው ሆነዋል፤ ዓይናቸው ወደ እኔ ነው።

አሁን ምክሩን። አንባቢዎቼ፣ የሌንስ መያዣ ስትመርጡ ስፖንጁን በጣታችሁ ጫኑት፤ ወዲያው ካልተመለሰ ተዉት። አሮጌ ፍራሽ አትቁረጡ፣ እኔን ያየ ይቀጣ። ከውጭ ጠንካራ ይሁን። ከአናት ላይ አትጫኑት፤ ጭናችሁ ላይ ያዙት። እኔ ያንን የጥይት ሳጥን የሚመስለውን ገዝቻለሁ፤ ፍተሻ ላይ «ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ሌንስ ነው» ብዬ እከፍትላቸዋለሁ። ከሁሉም በላይ ግን የያዛችሁት ነገር ምን እንደሆነ ሰው ሳይጠይቃችሁ በፊት ተናገሩ። ሳይናገሩ መቅረት እንዴት እንደሚከብድ ሊማሊሞ ላይ አይቼዋለሁ።

ማኅደሩን ለየኔታ መልሼ ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስፖንጁን በእጃቸው እየነቀሉ ሰሙኝ። ስጨርስ «መነኩሲቷ መጽሐፋቸውን በምን ይዘዋል አልከኝ?» አሉ። «በፌስታል» አልኳቸው። በሳምንቱ የኔታ ወደ ገዳሙ በሚወርድ ሰው ማኅደሩን ለእማሆይ ላኩላቸው። ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ አሁንም «ደባርቅ ነው ያለ» ብለው ነው የሚያቆሙት። ነገር ግን ማኅደሩ ተሰቅሎበት በነበረው ችንካር ላይ ዛሬ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። የሰቀሉት እሳቸው ናቸው፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

ፎቶው የዚያ ቀን ነው። ሚኒባሱ እስኪጎተት መንገድ ዳር ተቀምጠን ስንጠብቅ እማሆይ «በል ፎቶ አንሺ ነኝ ካልክ አንሣኝ» አሉኝ።

«ረጅሙ ተሰብሯል እማሆይ» አልኳቸው።

«ሌላ የለህም?»

«ትንሽ አለችኝ። እሷ ግን በጣም ቀረብ ማለት ትፈልጋለች።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ያበጠ ግንባራቸውን አልሸፈኑትም።

«እንግዲያ ቅረብ» አሉኝ።